ጥር ላይ ያየነው ቤት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አዲስ አበባ ተወልዳችሁ፣ አዲስ አበባ አድጋችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ፍቅር ይዟችሁ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ቤት መያዝ ሲያቅታችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ? ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦን ጀርባ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ነዋ! ሌላም መውጫ አለ። እኛ ግን ያንኳኳነው እነዚህን ሦስት በሮች ነው።

እኛ ስል እኔና እጮኛዬ ማለቴ ነው። ቀለበት ካሰርን ዓመት አልፎናል። ለሠርግ ብለን ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረች። አንድ ቀን ማታ እሷ «ድግሱን እንተወውና ቤት እንግዛበት» አለች። እኔ ድግስ ከሚወድ ቤተሰብ የተገኘሁ ነኝና ለጊዜው ዝም አልኩ። በሳምንቱ አከራዬ ኪራይ ሲጨምሩብኝ ግን ልቤም አፌም ተከፈተ። እናም በወርኃ ጥር፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ በጠራበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ፍለጋ መዞር ያዝን።

መጀመሪያ የሄድነው ሰበታ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ያለች፣ ድሮ በሜታ ቢራዋና በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ ስሟ የሚነሳ፣ የወጨጫ ተራራ የቆመላት ከተማ ነች። ዛሬ ፋብሪካውና ቤቱ ከመብዛቱ የተነሳ ሚኒባሱ የት ጋ አዲስ አበባን ጨርሶ የት ጋ ሰበታ እንደገባ ለማወቅ ወያላውን መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ወያላው ግን አሁንም «ሰበታ! ሰበታ!» እያለ ነው የሚጣራው።

ደላላችን ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ዘገየ። (ደላላና ቀጠሮ… ይለፈን።) ስንጠብቀው አንዲት ምግብ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ የቢራ ካላንደር አለ፣ የባለቤቲቱ ልጅ የምረቃ ፎቶ አለ። ከነዚህ መሐል ግን ፀሐይ ያደበዘዘው፣ መስታወቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ አንድ ትልቅ ስዕል ተሰቅሏል። ውሃ ነው፣ ሰፊ ውሃ። ውሃው ዳር የድንጋይ ከተማ አለ። ጀልባ በጀልባ ሆኗል፤ ኋላቸው ላይ ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ የሚነዳቸው ሰው ይታያል። ባለ ብዙ ቅስት ቤተ መንግሥት፣ ሁለት ረጃጅም አምዶች፣ ካባ የደረቡ ሰዎች፣ ከላይ የጠራ ሰማይ።

«ምጽዋ ነው» አለችን አስተናጋጇ። «ኧረ እስክንድርያ ነው!» አለ አንድ ተመጋቢ። ባለቤቲቱ ግን «እኔ ምን አውቄ፣ ሰማያዊነቱ ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት» ብለው ገላገሉን።

ከጎናችን ነጭ ዘንጉን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ሻይ የሚጠጣ፣ እኛን የሚያህል ወጣት ነበር። ዓይነ ስውር ነው። ልጅ ሆኖ ከገጠር መጥቶ እዚያው ሰበታ መርሐ ዕውራን እንደተማረ፣ አሁን አስተማሪ እንደሆነ በኋላ ነገረን። «ይቅርታ እህቴ፣ ስዕሉ ላይ ምን እንዳለ ትነግሪኛለሽ?» አላት እጮኛዬን።

ጎበዝ! ስዕል አይቻለሁ የምትሉ ሁሉ አንድ ቀን ለማያይ ሰው ለመንገር ሞክሩት። እሷ ከግራ ጀምራ ትነግረው ገባች። አንደኛው አምድ ጫፍ ላይ አንበሳ አለ ስትል እኔ ጥልቅ ብዬ «የይሁዳ አንበሳ ይሆናል፤ የኛ ነገር ነው!» አልኩ።

«ክንፍ አለው?» አለ ልጁ።

ወንበር ላይ ወጥታ ትክ ብላ አየች። «አለው!»

«እንግዲያው የወንጌላዊው ማርቆስ ነው። ገጸ አንበሳ እሱ ነዋ። የማርቆስ ከተማ ፈልጉ።»

ስልኬን አውጥቼ ስዕሉን አነሳሁና ፈለግኩት። ቬኒስ! ሠዓሊው ጆቫኒ አንቶኒዮ ካናል፣ ዓለም ካናሌቶ የሚለው ጣሊያናዊ። ሁለት ዓይን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ «የይሁዳ አንበሳ» ስል፣ እሱ ሻዩን ይዞ ከተማዋን አገኛት። አፈርኩ። አልደብቃችሁም።

ልጁ ግን አልጨረሰም። «ውሃውና ግንቡ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ምን አለ?» አላት። እሷ ዝቅ ብላ አየችና «ድንጋዩ ግርጌው ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ መስመር አለው» አለችው። ፈገግ አለ። «የኛ አገር ወንዝ ላይ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ የማውቀው በእግሬ ነበር። ድንጋዩ ማሟለጭ የሚጀምርበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ከዚያ በታች የውሃው ነው፣ በበጋም ቢሆን።»

ያን ጊዜ ጨዋታ መስሎን ሳቅን። ደላላው ደወለና ተነሳን። የሰበታው ቤት ስንደርስ ተሽጧል ተባለ። ከእጃችን የቀረው የልጁ ስልክ ቁጥርና ይቺ ወሬ ብቻ ነበረች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ስዕሉ ሳነብ አመሸሁ። ካናሌቶ ማለት «ትንሹ ካናል» እንደማለት ነው፤ አባቱም ሠዓሊ፣ ያውም የቲያትር መድረክ ሠዓሊ ነበር። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1697 ቬኒስ ተወልዶ በ1768 እዚያው ሞተ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የሀብታም ልጆች ትምህርት ሲጨርሱ ጣሊያንን መዞር ፋሽን ነበረባቸው። ዛሬ ዱባይ ደርሶ የመጣ ልጅ ፎቶ እንደሚለጥፈው፣ እነሱም «እዚህ ነበርኩ» ለማለት የከተማውን ስዕል ገዝተው ይመለሱ ነበር። ካናሌቶ ሞሎ የሚሉትን ያንን የድንጋይ ዳርቻ ደጋግሞ የሳለው ለነሱ ገበያ ነው። ደላላም ነበረው! ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል፣ ኋላ ቬኒስ ላይ የእንግሊዝ ቆንሲል የሆነ ሰው፣ ገዢውን ከሠዓሊው ሲያገናኝ ኖረ። ለራሱ ያከማቸውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1762 ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሸጠው።

የካናሌቶ ቬኒስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥር ነው። ገዢ ጎርፍ አይገዛማ! ሲያሰኘውም ለውበት ብሎ ሕንፃ ጠጋ፣ አደባባይ ሰፋ ያደርግ ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን አላጭበረበረም። ካሜራ ኦብስኩራ በሚባል ጨለማ ሣጥን ይጠቀም ነበር ይባላል። ብርሃን በሌንስ ገብቶ የከተማውን ምስል ወረቀት ላይ ሲጥለው እሱ መስመሩን ተከትሎ ይነድፋል። በዚህ የተነሳ ግንቡ ግርጌ ላይ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ነገር የት ድረስ እንደወጣ ሳይቀር ልክ እንዳየው አስቀረው። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ገንዘብ ያልከፈለበት መስመር ነው።

ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ካሙፎ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪና ባልደረባው የካናሌቶንና የእህቱን ልጅ የቤሎቶን ስዕሎች ይዘው ቬኒስ ወረዱ። ስዕሉ ላይ ያለውን አረንጓዴ መስመር ዛሬ ግንቡ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት ከዚያን ዘመን ወዲህ ውሃው ከግንቡ አንፃር ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ባሕሩም ወጣ፣ ከተማዋም ሰጠመች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 ጎርፉ ከመለኪያው በላይ 1 ሜትር ከ94 ደርሶ ከተማዋን ዋጣት፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ባሕሩ ሲቆጣ ከወለሉ የሚነሳ ግዙፍ የብረት መዝጊያ አቁመውለታል።

(ይቺ ቬኒስ ለኛም ጨርሶ ባዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1402 ከአፄ ዳዊት የተላኩ መልእክተኞች ነብሮች ይዘው እዚያ ወርደዋል። በአፄ እስክንድር ዘመን ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ አገራችን መጥቶ፣ መርቆሬዎስ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ሲስል ኖሯል። ስዕሉ ሰበታ ቢገኝ ምን ይገርማል?)

በሳምንቱ ቡራዩ። ስለ ቤቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዋጋውን ሰምተን ውሃ ጠጥተን ወጣን። ነገር ግን እዚያ ድረስ ከሄድን አይቀር ብለን በአምቦ መንገድ ትንሽ ቀጥለን ገፈርሳ ደረስን። ወዳጆቼ፣ አዲስ አበባ ባሕር የላትም ብላችሁ የምታማርሩ ገፈርሳን ጠዋት እዩት። ለገዳዲ ሳይገደብ በፊት ከተማዋን ያጠጣት ይሄ ነው፤ ዛሬም ቧንቧችሁ ውስጥ ድርሻ አለው። ውሃው ተኝቷል፣ ከወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ምዕራብ የመናገሻ ተራራ። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሣሩ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ይግጣል። እንደኛ ጥንድ ጥንዱን፣ ግን የቤት ኪራይ የሌለበት!

እኔ ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ራሴን ፎቶ ሳነሳ እሷ ዳርቻውን እያየች ቆመች። ሣሩ ካለቀበት እስከ ውሃው ድረስ ምንም ያልበቀለበት ቡናማ ቀበቶ አለ። «አየህ? ውሃው ሲሸሽ መስመሩን ትቶ ነው የሚሄደው» አለችኝ። እኔ «አዎ» አልኳት። ፎቶዬን እያየሁ ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሱሉልታ። የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ቁልቁል ሲወርዱ ሜዳው ፊት ለፊት ይዘረጋል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሯጮች በመስመር ያልፋሉ። ጥር ላይ ሜዳው ወርቅ ነው። የታጨደው ሣር በየቦታው እንደ ጎጆ ተከምሯል፤ የአዲስ አበባን የወተት ላሞች የሚያኖረው የሱሉልታ ድርቆሽ። ያንን ሁሉ ሣር ሳይ «እንዴት ያለ የተባረከ መሬት ነው!» አልኩ። ሣሩን ምን እንዲህ እንዳወፈረው ግን አልጠየቅኩም።

ቤቱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። 160 ካሬ ላይ ያረፈ ባለ ሁለት ክፍል ጅምር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ቆርቆሮው የተመታ፣ ፊቱ አዲስ ነጭ ቀለም የተቀባ። ከበሩ ላይ ሲቆሙ እንጦጦ ከጀርባው በኩል ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ዋጋው? ከሰበታው ያነሰ፣ ከቡራዩው ጋር የማይወራ። ደላላው «ካርታው ንጹህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሌላ ገዢ አለ» አለ። ይቺን ቃል ስንቶቻችን ሰምተናታል? እኔ እንደ አዲስ ሰማኋት። እሷ «ትንሽ እንይ» ስትል እኔ 50,000 ብር ቀብድ ከስልኬ ላኩ። ጀግና ነኛ!

ቀብዱ ከተላከ በኋላ ነው እሷ በቤቱ ዙሪያ የዞረችው። የኋላው ግድግዳ ቀለም አልነካውም። ድርቆሽ ተከምሮበታል። ሣሩን ገለጥ ስታደርገው ብሎኬቱ ላይ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር። ከመስመሩ በታች ጠቁሯል፣ ከመስመሩ በላይ ንጹህ ነው። እጇን አሳረፈችበትና ጠራችኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን የሰበታውን ልጅ ድምፅ ሰማሁት፦ ከዚያ በታች የውሃው ነው።

«የሲሚንቶ ቀለም ነው» አለ ደላላው።

እጮኛዬ አልመለሰችለትም። መንገዱን ተሻግራ አንዲት አሮጊት ቤት ገባችና «አካም ጅርቱ እማማ» ብላ ሰላምታ አቀረበች። ኦሮምኛዋ ከዚያ አያልፍም፤ እማማ ግን በእሷም ደስ ብሏቸው እርጎ አቀረቡልን። ግድግዳቸው ላይ እንደ ማንኛችንም ቤት የቤተሰብ ፎቶ ተደርድሯል። አንደኛው ላይ ዱላ የያዘ፣ ቦቲ ጫማ የተጫማ ልጅ ቆሟል። ከኋላው ሐይቅ! ዝይ የሚዋኝበት ሐይቅ።

«የት ነው ይሄ እማማ?»

«እዚሁ ነዋ። ለፍልሰታ ሰሞን ነው ልጄ የተነሳው» አሉና በበሩ በኩል በእጃቸው አመለከቱ። ፎቶው ላይ ከውሃው ወዲያ ያለው የተራራ ጠርዝና እኛ ከነጩ ቤት በር ላይ ያየነው ጠርዝ አንድ ነው። «ክረምት ውሃው እዚያ ይተኛል። ሣሩን የሚያበቅለው እሱ አይደል? ድሮ ማንም እዚያ አይሠራም ነበር።» አፈሩ ደግሞ መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያቆሙት ግድግዳም አብሮ ይሰነጠቃል። ለካስ በሩ ላይ በጫማዬ ስረግጠው የነበረው ስንጥቅ እሱ ነው።

መኪና ውስጥ ተጣላን። እኔ «ድሬኔጅ ይሠራል፤ ከፍ አድርገን እንሞላዋለን፤ 50,000 ብር በየት ይመጣል?» አልኩ። እሷ «ካርታ ላይ ውሃ አይሣልም፤ ግድግዳው ላይ ግን ተስሏል። አየኸው እኮ!» አለች። እኔም ክፉ ነገር ተናገርኩ። «አንድ የሰበታ ስዕል አይተሽ ቤቴን ልታፈርሺ ነው?» አልኳት። እሷም «ቤትህን?» አለችና መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር። አስራ አንድ ቀን አልተደዋወልንም። ቆጥሬዋለሁ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ደወልኩላትና ተውኩት አልኳት። ደላላውን ቀብዴን ብዬ ስለምነው፣ ስቆጣው፣ ስለምነው ሁለት ወር አለፈ። በመጨረሻ ራሱ ደወለ። «ዕድለኛ ነህ፣ ሌላ ገዢ አግኝቼለታለሁ» አለኝ። 25,000 ብር ተመለሰልኝ። ደስ አለኝ። በዚያው ቀን እሷን ይዤ ፒያሳ ማኪያቶ ጋበዝኳት። ገዢው ማነው፣ ነግረውታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወሬ ለወጥኩ።

እዚህ ላይ ቤት ፈላጊዎች እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁና አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጥር ላይ ያያችሁትን ቤት ነሐሴ ላይ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ። ክረምቱን መጠበቅ ካልቻላችሁ ያልተቀባውን ግድግዳ ፈልጉ፣ የአጥር እንጨቱን ግርጌ ዳስሱ፣ አካባቢው ላይ ያረጀ ሰው ቤት ገብታችሁ ፎቶ እዩ። ስልክ በእጃችሁ ነው፤ ከራሳችሁ ፊት ሌላም ነገር አንሱበት። ቬኒስ ላይ ያንን መስመር ለመሳል ሠዓሊ አስፈልጎ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሱሉልታ ተመለስን። የእማማን ቤት ለመጠየቅ ነው ብንልም ሁለታችንም ልባችን የት እንዳለ እናውቃለን። ዝናቡ ጋብ ብሎ ደመናው እንጦጦ ላይ ተጋድሟል። ሜዳው የለም። ሜዳው የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ተኝቶበታል፤ ዝዮቹ በላዩ ይንሳፈፋሉ። አልዋሻችሁም፣ ያምራል። አንድ ሠዓሊ ቢያገኘው ገዢ አያጣም ነበር። ነጩ ቤት መሐሉ ላይ ቆሟል። ነጩ ቀለም ግማሹ ድረስ ነጭ አይደለም።

በሩ ላይ እኛን የምታህል ሴት ልጅ አዝላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በባልዲ ውሃ ትጨልፋለች። ባሏ ፍራሽ ተሸክሞ እየወጣ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ውሃው ያጥንት ይሰብራል። እኔ አልጋውን ብሎኬት ላይ ሳነሳለት፣ እጮኛዬ ሕፃኑን ተቀበለቻት።

«ጥር ላይ ሊያስገነቡት ሲሉ አይታችሁት ነበር እንዴ፣ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ?» አለች ሴትየዋ ባልዲዋን አስቀምጣ። «እኛ ሚያዝያ ላይ ነው ያየነው። ደረቅ ነበር። ማንም አልነገረንም።»

እጮኛዬ ሕፃኑን እንዳቀፈች ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግድግዳው ላይ መስመሩን እፈልግ ነበር። ውሃው ውስጥ ገብቷል።